ባለሁለት በሯ ስፔሻል

ባሌ አረሮ ከዶሎ ኦዶ ጓዙን ጠቅልሎ የመጣ ሰሞን፣ ቤቴ ሰው ሳይሆን አውሎ ነፋስ የገባ ነው የመሰለኝ። ቁጭ ይላል፣ ብድግ ይላል። አጥሩ ድረስ ሄዶ መንገዱን ያይና ይመለሳል። ተመልሶ ደግሞ ደህና የተቀመጠውን በርጩማ ያነሳና ሌላ ቦታ ያስቀምጠዋል። "ምን ፈልገህ ነው?" ስለው "ምንም" ይለኛል። ምንም የማይፈልግ ሰው እንዲህ አይንቆራጠጥም፣ አይ!

ለአንድ የዕርዳታ ድርጅት ሹፌር ነበር። ከዶሎ ነገሌ፣ ከነገሌ ዶሎ ነጭ ሀርድቶፕ መኪና ሲነዳ ጸጉሩ ሸበተ። አምና ዕርዳታው ቀነሰ ተባለና የስንብት ክፍያውን ሰጥተው አሰናበቱት። እኔ እንግዲህ ነገሌ፣ ጦር ካምፑ አጠገብ ቁርስ ቤት አለኝ። እሙሽ ቁርስ ቤት ብትሉ ወታደሩም ሲቪሉም ያሳያችኋል። አባቴ የጎጃም ሰው፣ አሥር አለቃ ነበር። እዚሁ ካምፕ ተወልጄ፣ እዚሁ የጉጂ ልጅ አግብቼ፣ እዚሁ ፉል እየፈጨሁ አለሁ። ባሌን በእነዚያ ዓመታት ሁሉ የማገኘው እንደ ደመወዝ በየወሩ ነበር። ሲመጣ ደስ ይለኛል፣ ሳልጠግበው ያልቃል። አሁን ለሁልጊዜው መጣልኝ ብዬ ልቤ ቅቤ ሲጠጣ፣ ሰውዬው ቤት ውስጥ አለ ግን የለም።

የመኪናው መገናኛ ሬዲዮ ንግግር እንኳ አልለቀቀውም። "ስትመለስ ሽንኩርት ይዘህ ና" ስለው "ኮፒ" ይለኛል፣ ሰማሁ ለማለት። ባልና ሚስት ተኝተን "መብራቱን አጥፋው" ስለው፣ "ኮፒ"! ልጃችን ፍሬሰንበት በሳቅ ትፈርሳለች። እኔም አብሬያት እስቃለሁ፣ ውስጤ ግን ደስ አይለውም። ይሄ ሰው ከእኔ ጋር ሳይሆን ከሩቅ ካለ ሰው ጋር የሚነጋገር ይመስለኛል።

የስንብት ክፍያው ምን እንደሚሆንበት ገና ድሮ ነው የተነጋገርነው። ሚኒባስ ይገዛል፣ ነገሌ–አዶላ መስመር ይሠራል፣ ማታ ማታ ቤቱ ይገባል፣ አለቀ። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን በሙሉ የፈለግኩት ያቺን "ማታ ማታ ቤቱ ይገባል" የምትለዋን ነው። ገንዘቡ እጁ ሲገባ ግን፣

"ታክሲ አልነዳም" አለኝ።

"ምን ማለትህ ነው? ያሰብነው እሱን አይደል እንዴ?"

"አልነዳም አልኩሽ እሙሽ።"

"ለምን?"

"አልነዳማ!" ብሎ ወደ አጥሩ ሄደ። እንግዲህ ተመልከቱ። መኪና ከመንዳት ሌላ የማያውቅ ሰው ነው። ፍየል እንኳ ቢነዳ በፍሬቻ ነው የሚያዞራት። እሱ ነው አልነዳም የሚለኝ።

ይሄን ጊዜ ነው ፋዲል የመጣው። ፋዲል የነገሌ ደላላ ነው፤ ቤትም፣ ባጃጅም፣ ግመልም፣ ሙሽራም ያሻሽጣል ይሉታል። ሁለት እንቁላል በፉል እየበላ፣

"አረሮ፣ ላንተ ብቻ የምትሆን መኪና አግኝቻለሁ" አለው። "ተራ እንዳትመስልህ። ስፔሻል ናት።"

ስፔሻል ሲል እኔ ፉል ጨምሪ ያለኝ መስሎኝ ጭልፋዬን አነሳሁ። እሱ ግን የሚያወራው ስለ ቀይ መኪና ነው። የቆርቆሮና ሲሚንቶ ነጋዴው የሐጂ ዓብዱሰመድ ልጅ ከአዋሳ ያመጣት፣ በዓለም ላይ ትንሽ ብቻ የተሠራች፣ የውድድር ሞተር ያላት። ልጁ ሁለተኛ ሲወልድ መቀመጫ አነሰው፣ ስለዚህ ትሸጣለች። ባሌን አየሁት። ከዶሎ ከመጣ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ዓይኑን ተክሎ ዝም ብሎ ተቀምጧል። ዓይነ ውሃው አላማረኝም።

በማግስቱ አብሬው ሄድኩ። ብቻውን የምለቀው መስሎት ነበር። የሐጂ ዓብዱሰመድ ግቢ ውስጥ፣ በሲሚንቶ ከረጢትና በሚስማር ካርቶን መሀል፣ ሸራ ለብሳ ቆማለች። ሸራውን ሲገፉት፣ ምን ልበላችሁ፣ ቆንጆ ናት። ክፉ ቆንጆ! ቀይ፣ ከመሬት የተጣበቀች፣ ኋላዋ ላይ ክንፍ የመሰለ ነገር ያላት። በጎኗ ላይ ከጥቁር መስመር ጋር የፈረንጅ ጽሑፍ አለ። አረሮ ዞራት። ጎማዋን ነካ፣ ቸርኬዋን ነካ፣ ጽሑፉ ላይ ሲደርስ ቆመ።

"ይሄ ጽሑፍ ይነሳል?" አለ።

ፋዲል ጭንቅላቱን ያዘ። "እንዴ! ስፔሻል ያደረጋት እሱ እኮ ነው! እሱ ከተላጠ ተራ መኪና ሆነች ማለት ነው።"

"በሩ ላይ የድርጅት ስም የተጻፈበት መኪና ሰልችቶኛል።"

እኔ ደግሞ ጽሑፉን አልነበረም የማየው። በሮቹን ነበር። አንድ እዚህ፣ አንድ እዚያ፣ በቃ። ወደ ውስጥ አጎንብሼ አየሁ። ከኋላ ወንበር ተብሎ የተሰፋ ነገር አለ፣ ድመት ትተኛበት እንደሆነ እንጂ ሰው አይቀመጥበትም። "ፍሬሰንበት የት ልትቀመጥ ነው?" አልኩ። ሦስት ወንዶች፣ ባሌ፣ ፋዲልና ሐጂ፣ ሞተር ከፍተው አንገታቸውን ሲያስገቡ ሴት ብትጮህም አይሰሙም።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ሰፈር ገባ። የአረሮ ታላቅ እህት አዴ ዲንኪቱ ዱላዋን ይዛ መጣች። ወንድሟን ያሳደገችው እሷ ናት። ስለ ከብት እንጂ ስለ መኪና ግድ የላትም። "አካም ጂርታ እሙሽ፣ ናጋ?" ብላ በኦሮምኛ ሰላም አለችኝና ገና ሳትቀመጥ፣

"በሩ ስንት ነው?" አለችኝ።

"ሁለት ነው አዴ።"

"ያ ዋቃ፣ ፈጣሪዬ! ሁለት ብቻ? ሰው ከነቤተሰቡ አይገባበትም?"

"አይገባበትም።"

"እንግዲያው ወንድሜ ሊሄድ ነው" አለች። "በዚህ አገር መኪና የሚገዛ ሰው ዘመድ ሊጭን ነው የሚገዛው። ዘመድ የማይጭን መኪና የሚገዛ ሰው ሊሄድ ነው። ሁለተኛው ወንበር ለማን ነው? እሱን ጠይቂው!"

አዴ ዲንኪቱ ነገር አታለሳልስም። እኔ ሌሊት ሌሊት ብቻዬን የማስበውን በጠራራ ፀሐይ አፍርጣ ተናገረችው። ዶሎ ሴት አለችው የሚል ወሬ በየዓመቱ ጆሮዬ ይደርስ ነበር። ባሏ ሩቅ የሚሠራ ሴት ሁሉ እንዲህ ዓይነት ወሬ ትሰማለች ብዬ እንደ ቀልድ አልፈው ነበር። አሁን ግን ሰውዬው ሚኒባስ አልነዳም ብሎ ለሁለት ሰው የምትሆን መኪና ሊገዛ ነው። ፈራሁ። የፈራሁት ገንዘቡን አይደለም፤ ፉሌን ሸጬ እኖራለሁ። የፈራሁት በዚያች ቀይ መኪና ገብቶ፣ አቧራዋን አስነስቶ፣ ወደመጣበት እንዳይመለስ ነው።

እና መጠየቅ አቃተኝ። እኔ እሙሽ፣ መቶ አለቃ ሒሳብ ሲያጎድል ከበር የምመልስ፣ ባሌን አንድ ጥያቄ መጠየቅ አቃተኝ! በምትኩ ነገር ነገር ይለኝ ጀመር። ወጡ ጨው በዛበት ሲለኝ፣ "ዶሎ የሚያበስሉልህ አይበዛበትም ነበር?" ዘግይቶ ሲገባ፣ "ከስፔሻሏ ጋር አምሽተህ ነው?" እውነትም ከእሷ ጋር ነበር የሚያመሸው። በየቀኑ ሐጂ ዓብዱሰመድ ግቢ እየሄደ አቧራዋን ይጠርጋል አሉ። ያልተገዛች መኪና አቧራ! እቤት ሲመጣ ደግሞ ያው ቁጭ ብድጉ ነው። እገዛለሁም አይል፣ አልገዛምም አይል። እኔንም ተጋብቶብኝ ሌሊት ብድግ እያልኩ በር ማየት ጀመርኩ።

በመጨረሻ ሐጂ ዓብዱሰመድ ሰለቻቸው። "ከሻኪሶ የወርቅ ነጋዴ ሊያያት አርብ ይመጣል። የምትገዛ ከሆነ ከዚያ በፊት ቁርጡን ንገረኝ" አሉት። "ከፈለግህ ወስደህ ንዳት፣ ሞክራት፣ ግን ቁርጡን!" አረሮ ሐሙስ ጠዋት ቁልፉን ተቀብሎ በቁርስ ቤቴ በር ላይ አቆማት። ወታደሩ ሁሉ ፉሉን ትቶ ወጣ። ሽርጤን ፈትቼ ወረወርኩና፣

"እኔም እሄዳለሁ" አልኩ።

የሚከለክለኝ መስሎኝ ምላሴን ስዬ ነበር። እሱ ግን ዞሮ መጥቶ በሩን ከፈተልኝ። ወታደሮቹ ፉጨት በፉጨት ሆኑ። መግባቱ እኮ መቀመጥ አይደለም፣ መውደቅ ነው። ቂጤ መንገዱን የነካ ነው የመሰለኝ።

ከከተማ ወጣን፣ ወደ ፊልቱ መንገድ። ግራርና ኩይሳ፣ ቀይ አፈር፣ ደግሞ ግራርና ኩይሳ። መንገዱ ደህና በሆነበት ላይ ትንሽ ነዳጅ ሲሰጣት፣ እናንተ! ጀርባዬ ወንበሩ ላይ ተለጠፈ። ጮህኩ። አረሮ ሳቀ። ባሌ ሲስቅ ጥርሱ መሀል ክፍተት እንዳለ ረስቼው ነበር። ዞሬ አየሁት፣ እጁ መሪው ላይ፣ ዓይኑ መንገዱ ላይ፣ እኔ አጠገቡ። ያን ጊዜ ነው ድንገት ያስታወስኩት። ይሄ ሰው ዕድሜውን ሁሉ ሹፌር ነው፤ እኔ ሚስቱ ግን እሱ በሚነዳው መኪና ውስጥ ተቀምጬ አላውቅም።

አይፈቀድም ነበራ። የድርጅቱ ሕግ ነው። ስሙ ያልተመዘገበ ሰው ሀርድቶፑ ላይ እግሩን አያሳርፍም፤ ሚስትም ትሁን እናት። ፍሬሰንበትን ያማጥኩ ዕለት እንኳን መኪናው ደጄ ላይ ቆሞ ነበር። ለዶሎ ዕቃ ሊጭን መጥቶ ነው። በሬዲዮ ፈቃድ ጠየቀ፣ መልስ ዘገየ። ጎረቤቶች በአህያ ጋሪ ጭነው ወሰዱኝ። እሱ ሁለቱንም ፍሬቻ እያበራ፣ ባዶ መኪናውን በጋሪው ፍጥነት ከኋላዬ እየነዳ አጀበኝ። ከተማው ሁሉ ወጥቶ አየን። እንዴት እንዳፈርኩ፣ እንዴት እንደጠላሁት! ከወለድኩ በኋላም አላነሳሁበትም፣ እሱም አላነሳ። እንዲሁ ተዳፍኖ ቀረ።

አሁን ግን በዚህች ቀይ መኪና ውስጥ አጠገቡ ተቀምጬ፣ ነፋሱ ነጠላዬን እየገፈፈኝ፣ ንዴቱም ደስታውም አንድ ላይ መጣብኝ። ለካ እንዲህ ነው? ለካ ሴት ከባሏ ጎን ተቀምጣ ስትሄድ እንዲህ ደስ ይላታል? ሁለተኛው ወንበር የእኔ ነው እንዴ? በቃ ይግዛት፣ አልኩ በልቤ። ጦሜን ልደር፣ ይግዛት! ለመናገር አፌን ከፈትኩ።

መንገዱ ዳር አንዲት ሴትዮ ቆመዋል። በዕድሜ የገፉ፣ ግዙፍ ሴትዮ፣ እግራቸው ሥር ሁለት ቢጫ የወተት ጀሪካን። ነገሌ ገበያ የሚያደርሳቸው መኪና ቀርቶባቸው ነው። እኛ ከከተማው እየራቅን መሆናችንን እንኳ ያሰቡ አልመሰለኝም፤ ብቻ መኪና ሲያዩ እጃቸውን ከፍ አደረጉ። አረሮ ነዳጁን ረገጠው። ሴትዮዋ በአቧራ ውስጥ ቀሩ።

"እንዴ አረሮ! እጅ ሲያነሱ አላየህም?"

"አይፈቀድም" አለ።

"ምን አልክ?"

ነዳጁን የበለጠ ረገጠው።

"ማን ነው የማይፈቅደው?" ጮህኩበት። "የማን መኪና ናት? ማን ነው የከለከለህ?"

እግሩ ፍሬኑን ሲረግጥ ግንባሬ የፊት መስታወቱን ሊመታ ምንም አልቀረው። መኪናዋ ቆመች። አረሮ ሁለቱንም እጁን መሪው ላይ እንዳደረገ፣

"ማን ነው?" አለኝ፣ እኔኑ መልሶ እንደሚጠይቅ።

ፊቱን ሳይ ንዴቴ በረደ። ወዙ ጠፍቷል። "ምን ሆነሃል? በሞቴ ንገረኝ" አልኩት። ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ ጀመረ።

"ያ የረሃቡ ዓመት ትዝ ይልሻል? ከድንበር ወዲያ ሰው እንደ ጎርፍ የመጣ ጊዜ? በእግራቸው ነበር የሚመጡት። እኔ ሰው አድርሼ ስመለስ መኪናው ባዶ ነው። ወንበሩ ሁሉ ባዶ ነው እሙሽ። እጃቸውን ያነሳሉ። ያልተመዘገበ ሰው ከጫንኩ ሥራ የለም፣ አንቺም ልጃችንም እኔን ነው የምትጠብቁት። ስለዚህ አልፋለሁ። እጅ ባየሁ ቁጥር እግሬ ነዳጅ መርገጥ ለመደ። አንዲት ሴት ግን..."

ቁልፉን አዙሮ ሞተሩን አጠፋ።

"እጇን አላነሳችም። ልጇን ነው ያነሳችው። በሁለት እጇ ከራሷ በላይ ከፍ አደረገችው፣ እንዳየው። አየሁት። አለፍኳት። ከዚያ ደግሞ በመስታወት አየኋት፤ እስከሚሰወርብኝ ድረስ ልጁን አላወረደችውም።"

ኧረ እናቴን! እጁን ያዝኩት።

"ለዚህ ነው ታክሲ አልነዳም ያልኩሽ" አለኝ። "ሚኒባስ የሚነዳ ሰው ሥራው እጅ ማየት ነው። እኔ እጅ ማየት አልችልም። ይቺ ግን..." ቀዩን ኮፈን በአገጩ አሳየኝ። "ይቺ ሁለት ወንበር ብቻ ነው ያላት። ማንም እጁን አያነሳላትም ብዬ ነበር።"

እኔ ደግሞ ለሴት የሚገዛት መስሎኝ ስንት ቀን በነገር ወጋሁት! አለቀስኩ። አልቅሼም አልበቃኝ፣ ተናደድኩም። በማን እንደተናደድኩ አላውቅም፤ በሕጉም፣ በመንገዱም፣ ይሄን ሁሉ ዓመት ከእኔ ጋር እየበላ እየጠጣ አፉን ባልከፈተው በራሱም።

"ሴትዮዋ እስካሁን ቆመዋል" አልኩት አፍንጫዬን እየጠረግሁ።

"ምን ብዬ ነው የማያቸው?"

"በል። ሂድና አምጣቸው።"

መኪናዋን አዙሮ መሄድ ይችል ነበር። እሱ ግን ወርዶ በእግሩ ሄደ፣ መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ከዚያ እየሮጠ። እኔም ወርጄ ተከተልኩት። ስደርስ ሴትዮዋ ወገባቸውን ይዘው ከላይ እስከ ታች እያዩት ነው። በኦሮምኛ ነው የሚነጋገሩት።

"አላየኸኝም እንዴ ልጄ?" አሉት።

ሌላ ሰው ቢሆን አላየሁም ብሎ ይገላገላል። አረሮ፣ "አይቼዎታለሁ" አላቸው። "አየሁዎትና አለፍኩዎት። ይቅር ይበሉኝ።" ጎልማሳ ሰውዬ፣ ፀሐይ ላይ፣ በማያውቃቸው ሴት ፊት እንባው ዱብ ዱብ አለ።

ሴትዮዋ እሱን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ሩቅ የቆመችውን ቀይ ነገር አዩ። "ቶሌ፣ እሺ፣ ይቅር ብያለሁ" አሉ። "አሁን ታሳፍረኛለህ ወይስ ንስሐ ልትገባ ነው የመጣኸው? ወተቱ ይበላሻል!"

ሳቃችን መጣ። አረሮ ጀሪካኖቹን ተሸከመ። መኪናዋ ጋ ስንደርስ ሴትዮዋ ዞረው ዞረው "መግቢያው የታለ?" አሉ። እውነቱን ልናገር፣ ከወንበሬ መነሳት አልፈለግኩም። ዛሬ ነው ያገኘሁት፣ ገና አልሞቀኝም! ግን እሳቸው እንኳን ከኋላ፣ ከፊትም በግድ ነው የገቡት። እኔ እንደ እባብ ተጥመልምዬ የድመቷ መኝታ ላይ ገባሁ፤ ጉልበቴ አገጬ ላይ፣ አንዱ ጀሪካን ጭኔ ላይ፣ አንዱ እግሬ ሥር። ስንነሳ የመኪናዋ ሆድ ድንጋዩን ፋቀው። ሴትዮዋ "ኧረ ቀስ!" አሉ።

ወደ ነገሌ ስንመለስ ነው ጉዱ። አንድ ተማሪ እጁን አነሳ። አረሮ ፍሬቻ አሳይቶ ዳር ያዘና ቆመ። መስታወቱን አውርዶ፣ "ወንድሜ፣ ቦታ የለኝም። ይቅርታ" አለው። ልጁ ግራ ገብቶት አየን። ሄድን። ትንሽ ሳንርቅ ሁለት ፍየል ነጋዴዎች እጅ አነሱ። ቆመ። "ቦታ የለኝም፣ ይቅርታ።" ፈቃድ የወጣ ወታደር። ቆመ። ማገዶ የተሸከሙ ሴቶች። ቆመ። አንድ ሽማግሌ ጭራሽ ዝንብ ነው ያባረሩት፣ እሱ ግን ቆመ! "ቦታ የለኝም አባቴ፣ ይቅርታ" ሲላቸው፣ "እና ማን ጠየቀህ?" አሉት። አንዱ ደግሞ ውስጥ አጎንብሶ እኔን ከጀሪካን ጋር ተጣጥፌ ሲያየኝ "እናንተም ራሳችሁ እርዳታ ትፈልጋላችሁ" ብሎ ሄደ።

"ያ ዋቃ! ይሄ ሰው ደህና ነው?" አሉ ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞረው። "ካልጫነ ለምን ይቆማል?"

"ይተዉት እማማ" አልኩ። "ይቁም።"

እግሬ ደንዝዞ፣ አንገቴ ተጣሞ ነበር። ቢሆንም በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ባሌን ወድጄው አላውቅም። አንዱንም አላለፈም። ሰዎቹን በዓይናቸው እያየ ነው ይቅርታ የሚጠይቀው፣ እና በየቆመበት ከትከሻው ትንሽ ትንሽ ሸክም ይወርድለት ነበር። ወተቱን ገበያ አድርሰን ሴትዮዋ መርቀውን ሲወርዱ ፀሐይዋ አናት ላይ ደርሳለች።

ሐጂ ዓብዱሰመድ ግቢ ስንገባ ፋዲል በሩ ላይ እጁን እያሻሸ ይጠብቀናል። "እህስ? አልነገርኩህም? እሳት አይደለችም?"

አረሮ ቁልፉን ለሐጂ በሁለት እጁ አስረከበ። "ቆንጆ ናት። ለሻኪሶው ሰውዬ ይስጡልኝ" አላቸው።

ፋዲል ደነገጠ። "ምን ጎደላት? ሞተሯ? ካምቢዮዋ? ንገረኝ!"

"ወንበር።"

"ወንበር?" ፋዲል ደላላ ነውና ወዲያው ተገለበጠ። "ወንበር ከሆነ እንግዲያው ሚኒባስ አለኝ! አሥራ ሁለት ሰው የምትይዝ፣ ጎማዋ አዲስ።"

አረሮ ትንሽ አሰበ። "ከዚያ የሚበልጥስ?"

"ቅጥቅጥ አለ፣ ሃያ አምስት ይይዛል።"

"ከዚያ የሚበልጥስ?"

"ከዚያማ አውቶቡስ ነው እንግዲህ። ምን ያህል ሰው ነው የምትጭነው አንተ?"

አረሮ አፉን ከፍቶ የሆነ ነገር እንደሚቆጥር መሬት መሬቱን ያያል። ፋዲል ወደ እኔ ዞሮ በዓይኑ "ምን ነካው?" አለኝ። ሄጄ የባሌን ክንድ ያዝኩ።

"አሥራ ሁለቱ ይሁንለት" አልኩት ፋዲልን። "የእሱን ሰዎች በሙሉ የሚይዝ መኪና የለም።"